አሮጌ ጥጥ አይጣልም

አሮጌ ልብስን ቆርጦ መወልወያ ማድረግ ማንም የሚያውቀው ሥራ ነው። ቁልፉና ዚፑ ይነሳል፣ ጨርቁ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፣ አለቀ። ካናቴራ ጠርዙ አይተረተርም፤ አንሶላና ነጠላ ግን ዳር ዳራቸው ካልተዘመዘመ ክራቸው እየተመዘዘ ያልቃል።

እኔን የሚከነክነኝ ያረጀ ሁሉ መወልወያ ይሆናል የሚባለው ነው። አይሆንም! ጥጥ ውኃ ይጠጣል፤ ፖሊስተር ግን ውኃውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል እንጂ አያነሳውም። ጠረጴዛው ተወልውሎ ተወልውሎ አሁንም እርጥብ ከሆነ ጥፋቱ የጨርቁ ነው። ለመለየት ከዳሩ አንድ ክር ምዘዙና በጥንቃቄ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ሁለቱ ተቀላቅለው የተሠሩ ጨርቆች ብዙ ስለሆኑ ከአመዱ ውስጥ ጠጣር ነገር ካገኛችሁ ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ አይደለም።

ነገሩ ምጣድ ማሰሻ ላይ ሲደርስ ይብሳል። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፤ ፖሊስተር ደግሞ 250 አካባቢ ይቀልጣል፣ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። አንዲት ጎረቤቴ ከልጇ የስፖርት ማሊያ ማሰሻ ቆርጣ ኖሮ፣ እንጀራዋ አንድ ቦታ ላይ አልነሳ እያለ አስቸገራት። ምጣዱ በደንብ አልተሟሸም ብላ ጎመን ዘሩን ደጋግማ ብትነሰንስም ምንም አልረዳም። ጠጋ ብዬ ሳይ ቀጭን ጥቁር ነገር ተጋግሮበታል፤ ማሊያው ነበር። ለማሰሻ ያረጀ የጥጥ ነጠላን የሚያህል የለም፤ ብቻ ጥለቱን ቆርጣችሁ አውጡት፤ የሚያብረቀርቀው ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው።

ለመወልወያ አዲስ ጨርቅ የሚገዛ ሰውም ይገርመኛል። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ነገር እስኪለቅ ውኃ አይቀበልም፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ አንሶላ ይህን ጨርሷል። የልብስ ማለስለሻ ግን አታስነኩት፤ ክሩን ይሸፍንና መልሶ ውኃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል። በረኪና ሲበዛም ጥጡን ይበላዋል። በሳሙና አፍልቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል።

እርጥቡን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ማጠቢያው ጥግ የምትወረውሩ፣ ያ ሽታ የባክቴሪያ ሥራ ነው፤ በዚያው ደግሞ ስኒ ታደርቃላችሁ! አስጡት እንጂ። የመጸዳጃ ቤቱም ጨርቅ ከወጥ ቤቱ በቀለም ይለይ።

ለእንጨት ዕቃ የተልባ ዘይት የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ጨርቁን ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ 38 ፎቅ ያለው ሕንፃ የተቃጠለው እንዲህ ባሉ ጨርቆች ነው፤ 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሞተዋል። ስለዚህ ዘይት የነካውን ጨርቅ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ነክራችሁ ክደኑት።