ስለ ደንቆሮ ደን ትንንሽ እንስሳት

በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘነብልበት ደጋ ላይ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ ሳይርቅ ደንቆሮ የሚባል ደን አለ። ከግርጌው ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ዛፉና ሣሩ እየተለዋወጠ ይቀበለዋል፤ በመጀመሪያ ወይራና ጥድ፣ ቀጥሎ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያም በላይ አስታ ያገኛል። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ፣ ብርድ በሚበረታበት ሜዳ ላይ ደግሞ ጓሳና ጅብራ ይበቅላሉ። የአማራ ክልል መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ይህ ስፍራ ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ እንዲጠበቅ ደነገገ፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል።

ወደዚህ ደን የሚሄድ እንግዳ የሚመኘው ቀይ ቀበሮን፣ ጭላዳን ወይም ድኩላን ለማየት ነው። አይጥ ለማየት ብሎ ዳገት የሚወጣ ሰው የለም። ነገር ግን ዳገቱን ሲወጣ በእግሩ አጠገብ፣ ከሣሩ ሥርና ከወደቀው ግንድ በታች፣ ከትልልቆቹ አራዊት ይልቅ እጅግ የበዙ ፍጥረቶች ይኖራሉ። ከነዚህም አንዱ የሣር አይጥ ነው፤ ቀን ቀን ወጥቶ ሣር ይበላል፣ በሣሩም መካከል እንደ ቀጭን መንገድ ያለ መተላለፊያ ያበጃል። እግሩ ነጭ የሆነው የደን አይጥ ግን በሌሊት ይወጣል። አፉ ሾጣጣ የሆነ፣ አይጥ የሚመስል ነገር ግን ከአይጥ ወገን ያልሆነ ሌላ ትንሽ እንስሳም አለ፤ ምግቡ ትልና ነፍሳት ነው፣ ሰውነቱም እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ቶሎ ካልበላ ነፍሱ አትቆይም። በገደሉ ድንጋይ መካከል ሽኮኮ ይኖራል፤ እርሱን መጽሐፈ ምሳሌ በ30ኛው ምዕራፍ ትንሽ ሆነው ሳለ ጥበበኞች ከሆኑት ከአራቱ ፍጥረቶች ጋራ ቈጥሮታል።

እነዚህ ትንንሾች ዝም ብለው የሚኖሩ አይደሉም። ጕድጓድ ሲቈፍሩ የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ያወጣሉ፣ ዝናምም በጕድጓዱ በኩል ወደ መሬት ይገባል። ዘር ለቅመው ይደብቃሉ፤ ከደበቁት አንዳንዱን ረስተው ይተዉታል፣ የተረሳውም ይበቅላል። ከሁሉ ይልቅ ግን የሌሎች አራዊት ሲሳይ ናቸው። ጭልፊት በቀን፣ ጉጉት በሌሊት፣ አነርም በሣር ውስጥ አድፍጦ ያድናቸዋል። ቀይ ቀበሮማ ያለ እነርሱ ሊኖር አይችልም። በባሌ ተራሮች የተደረገ ጥናት እንዳስረዳው፣ ቀይ ቀበሮ ከሚበላው አደን ከመቶው 96 ያህሉ የአይጥ ወገን ነው። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ሁሉ አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱትም ተቈጥረው 500 ያህል እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ በደንቆሮ ቀበሮው ይጠበቅ የሚል ሁሉ አስቀድሞ የአይጡን ቤት መጠበቅ አለበት።

የአይጡ ቤት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ደን ሲባል ረጅም ዛፍ ብቻ ይመስለዋል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ግን ከሥሩ ቍጥቋጦው ተመንጥሮ፣ የወደቀው እንጨት ተለቅሞ፣ ሣሩም በከብት ተግጦ ያለቀ እንደ ሆነ፣ ደኑ ከሩቅ ለሚያየው ያማረ ቢመስልም ለትንንሾቹ ባዶ ቤት ነው። መሸሸጊያ ስለሌላቸው ጭልፊት በአንድ ሰሞን ያጠፋቸዋል፤ ጕድጓዳቸውም በከብት ሰኮና ይደረመሳል። የበሰበሰ ግንድ ለሰው የማይረባ ይመስላል እንጂ በውስጡ ትሉና ጕንዳኑ ይራባል፣ ከሥሩም አፈ ሾጣጣው እንስሳ ምግብና መጠለያ ያገኛል። ስለዚህ ደን መጠበቅ ማለት ደኑን እንደ ግቢ ጠርጎ ማጽዳት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሣሩ ሁሉ ሳይነካ ይደግ ማለትም አይደለም። ቀይ ቀበሮ አይጡን አይቶና ሰምቶ የሚይዘው ገለጥ ባለ ሜዳ ነው፤ ሰው የሚደብቅ ረጅም ሣር ለአይጡ ይመቻል እንጂ ለቀበሮው አይመችም። የሚሻለው አንዱ ስፍራ ረጅም፣ ሌላው አጭር ሆኖ እንዲጎራበት ነው። ይህንም ለማድረግ ሣሩን በአንድ ጊዜ ሳያጭዱ በተራ ማጨድ፣ በየመካከሉም ሳይታጨድ የሚቀር ቦታ መተው ይገባል። እሳት ግን አይመርጥም፤ አስታው ከተቃጠለ ረጅሙም አጭሩም አብሮ ይጠፋል።

በተራ ማጨድ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባለው ደጋ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሕግ ነበረው። እንደሚተረከው የአስቦና የጌራ ዘሮች ቦታውን ተካፍለው፣ አለቃ መርጠው፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚያስፈልጋቸው ሲሆን፣ በደንብ እስኪያድግ ድረስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ክረምት ሳይገባም ይዘጋል። አባቶች ይህን ያደረጉት ለክዳናቸው ብለው ነው እንጂ ለአይጥ ብለው አይደለም፤ ነገር ግን በሣሩ ውስጥ አይጡ፣ በአይጡም ቀይ ቀበሮው ተረፈ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ግን የአገሩ ሰዎች ጠባቂ ኮሚቴ አቁመው ቦታውን በአዲስ መልክ ያዙት፤ ቀበሮው ዛሬም በዚያ አለ።

በደንቆሮ ዳር የሚያርስ ገበሬ ግን አይጥ ይጠበቅ ሲባል ቢቈጣ አይፈረድበትም። ገብሱን በማሳ፣ እህሉንም በጎተራ የሚበላበት ከዚሁ ወገን ነውና። ነገር ግን አይጥ ሁሉ አንድ አይደለም። በደጋው እርሻ ከፍ ያለ ጥፋት የምታደርሰው ብዙ ጡት ያላት የእርሻ አይጥ ናት፤ እርስዋ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ልትወልድ ትችላለች። እግረ ነጩ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ከደኑ ጥላ አይርቅም። የሣሩ አይጥ ግን አዝመራ አጠገቡ ካገኘ አይተወውም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ስለዚህ በማሳ ዳር ያለውን አረም ማንሣት፣ የደረሰውን እህል ቶሎ መሰብሰብ፣ ጎተራውንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል። መርዝ የበላውን አይጥ ጉጉት ቢበላው ጉጉቱም ሊሞት ይችላል፤ ጉጉቱ ከሞተ ደግሞ ለገበሬው ያለ ደመወዝ የሚያድንለት አዳኝ ቀረበት።

የማገዶም ነገር አለ። ቤት ያለ እሳት አይሆንምና እናቶችን ከደኑ እንጨት አትልቀሙ ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። በጓሮ ባሕር ዛፍ የተከለ ቤተ ሰብ ግን ወደ ደንቆሮ አይሄድም። ባሕር ዛፍ በሥሩ ሌላ ነገር እምብዛም ስለማያስበቅል ለትንንሽ እንስሳት ደኅና ቤት አይደለም፤ ስለዚህ ቦታው ከደኑ ውጭ፣ በሰው ቤት አጠገብ ይሁን።

እነዚህ እንስሳት መብዛታቸውን ወይም ማነሳቸውን ማወቅ የሚሹ ሊቃውንት ማታ ማታ ትንንሽ የወጥመድ ሣጥን በሣሩ መተላለፊያ ላይ ያኖራሉ፤ በውስጡም የሚያስጐመጅ ምግብ ያደርጋሉ። ጧት ተነሥተው የገባውን ይመዝናሉ፣ ምልክት ያደርጉበታል፣ በመዝገብም ይጽፉታል። ከዚያም ፀሐዩ ሳይበረታ በተያዘበት ስፍራ ይለቁታል።