ትኩሱ የተምር ፑዲንግ፤ አሠራሩና ምክንያቱ



በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትምህርት፤ ስለ አገር ጉዳይና ስለ ኅብረታችን ሥራ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የእንግሊዞች ጣፋጭ ምግብ ልንጽፍ ተነሥተናል። አንዳንዱ አንባቢ «የተማሪ መጽሔት የወጥ ቤት ደብተር ሆነ ወይ?» ብሎ ይስቅብን ይሆናል። ቢስቅም አንቀየምም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብብልን። ነገሩ የሆድ ብቻ ሳይሆን የጉርብትናም ነው።

እኛ አምስት ሆነን በሰሜን እንግሊዝ አገር አንድ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ከግድግዳው ወዲያ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት አሉ። እኛ «እማማ» እንላቸዋለን፤ ትርጉሙን ከነገርናቸው ወዲህ እሳቸውም ወደውት በሩን ሲያንኳኩ «እማማ ነኝ» ይላሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት በእንግሊዞች ገና፤ ማለት በዲሴምበር 25 ቀን፤ ለምሳ ጠሩን። ከአምስታችን ሦስቱ ጿሚዎች ናቸው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገናችን ዋዜማ የሚጾም ስለ ሆነ፤ የእንግሊዞቹ ገና በጾሙ መካከል ይውላል። ሥጋ እንደማይበሉ አስቀድመን ነግረናቸው ነበር። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይቀምሱ ግን መንገሩን ረሳነው።

ከምሳው በኋላ እማማ ትኩስ ፑዲንግ ከምድጃ አውጥተው፤ የሚፈላ ስጎ አፍስሰውበት፤ ለእያንዳንዳችን በሳሕን አቀረቡ። ሁለታችን በላን። የሦስቱ ሳሕን ግን እንዳለ ቀረ። ምክንያቱን ለመግለጥ ብንሞክርም ነገሩ ከጉሮሮአችን አልወጣ አለ። እማማ ምንም ሳይናገሩ ሳሕኖቹን አነሡ። ከማለዳ ጀምሮ የደከሙበትን ነገር ንቀን የተውነው መስሎአቸው እንደ ነበር ኋላ ነገሩን። ያን ቀን ማታ ቤታችን ገብተን እርስ በርሳችን ተወቃቀስን። ከዚያም ፑዲንጉን መሥራት ከራሳቸው ለመማርና ሁላችን አብረን የምንበላበትን መንገድ ለመፈለግ ቆረጥን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው።

ስሙና ትውልዱ

«ፑዲንግ» የሚለው ቃል ቀድሞ አንጀት ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ምግብ ስም ነበረ። ዛሬም ከደም የሚሠራው «ጥቁር ፑዲንግ» ይህንኑ ስም ይዞ ይገኛል። አሁን ግን እንግሊዞች ከምግብ በኋላ የሚቀርበውን ጣፋጭ ሁሉ በጠቅላላው ፑዲንግ ይሉታል። እኛ የምንጽፍበት «ስቲኪ ቶፊ ፑዲንግ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም በተምር የተሠራ ለስላሳ ኬክ ሆኖ፤ ከቅቤ፣ ከቡናማ ስኳርና ከክሬም በተሠራ የሚያጣብቅ ስጎ ተነክሮ በትኩሱ የሚበላ ነው።

ብዙ ሰው ጥንታዊ ምግብ ይመስለዋል። ሆኖም ስሙ የገነነው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፍራንሲስ ኩልሰን የተባሉት ባለሆቴል በኡልስዋተር ሐይቅ ዳር በነበረው በሻሮ ቤይ ሆቴላቸው ለእንግዶች ሲያቀርቡት ነው። ሳይመን ሆፕኪንሰን የተባሉት የምግብ ጸሐፊ እንደ ዘገቡት፤ ኩልሰን አሠራሩን ያገኙት በላንካሺር ከነበሩት ከፓትሪሽያ ማርቲን ነው፤ እሳቸው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሁለት የካናዳ አየር ኃይል መኰንኖች አግኝተውት ነበር ይባላል። በስኮትላንድ ያለ አንድ ሆቴልም «መጀመሪያ የሠራነው እኛ ነን» ይላል። እንግዲህ የእንግሊዝ የራሷ ነው የሚባለው ምግብ ከባሕር ማዶ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ተምሩማ በእንግሊዝ ብርድ እንደማይበቅል ማንም ያውቀዋል።

ስለ ስኳሩ

ስለ ስኳሩ ሁለት ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል።

አንደኛ፤ በጦርነቱ ጊዜ ስኳር በእንግሊዝ አገር በራሽን ይታደል ነበር። እደላው በጃንዩዌሪ 1940 ተጀምሮ፤ የስኳሩ በ1953፤ የምግቡ ሁሉ ደግሞ በ1954 አበቃ። ለአንድ ሰው በሳምንት ይደርስ የነበረው አብዛኛውን ጊዜ 225 ግራም ያህል ስኳርና 55 ግራም ያህል ቅቤ ነበር። ከዚህ በታች የምንሰጠው አሠራር 325 ግራም ስኳርና 175 ግራም ቅቤ ይፈልጋል። ይህም የአንድ ሰው የሳምንት ተኩል ስኳርና ከሦስት ሳምንት የሚበልጥ ቅቤ ማለት ነው። በዚያ ችግር ያለፈ ቤተ ሰብ ጣፋጭ አብዝቶ ለእንግዳ ሲያቀርብ ምን ያህል እንደሚያከብረው ከዚህ ሒሳብ መረዳት ይቻላል። እማማ ራሳቸው በእደላው ጊዜ ሕፃን ነበሩ።

ሁለተኛ፤ ስኳር ለእንግሊዝ ገበታ የበዛው በባሪያ ጉልበት ነው። በካሪብያን ደሴቶች አገዳውን ይቆርጡና ይጨምቁ የነበሩት ከአፍሪካ ተግዘው የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ የፑዲንግ አገሮች አጠገብ ያለችው ላንካስተር በ18ኛው መቶ ዓመት በባሪያ ንግድ ከሊቨርፑል፣ ከለንደንና ከብሪስቶል ቀጥላ አራተኛ ወደብ ነበረች። ንግዱ በ1807፤ ባርነቱ ራሱ በ1833 በወጣው ሕግ ታገደ። በላንካስተር ወደብ ዳር ለእነዚያ አፍሪካውያን መታሰቢያ የቆመው ግን በ2005 ነው። ይህን የምንጽፈው ምግቡን መራራ ለማድረግ አይደለም። የሚበላ ሰው የሚበላውን ነገር ታሪክ ቢያውቅ መልካም ነው ብለን ነው።

አሠራሩ

ለስምንት ሰው የሚበቃው መጠን ይህ ነው።

ለኬኩ፦ ፍሬው የወጣለት ተምር 200 ግራም፤ የፈላ ውሃ 250 ሚሊሊትር፤ ቤኪንግ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ፤ ለጋ ቅቤ 75 ግራም፤ ቡናማ ስኳር 150 ግራም፤ እንቁላል 2፤ የፉርኖ ዱቄት 175 ግራም፤ ቤኪንግ ፓውደር 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ፤ ጥቂት ጨው።

ለስጎው፦ ለጋ ቅቤ 100 ግራም፤ ቡናማ ስኳር 175 ግራም፤ ክሬም 250 ሚሊሊትር፤ ቁንጥር ጨው።

በመጀመሪያ ተምሩን አድቅቆ ከትፎ ሶዳውን መነስነስና የፈላውን ውሃ ማፍሰስ ነው። 15 ደቂቃ ያህል ይቆይና በሹካ ይፈጭ። እስከዚያ ምድጃው 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ፤ 20 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው መጋገሪያም ቅቤ ይቀባ። ቅቤውንና ስኳሩን እስኪነጣ ድረስ መምታት፤ እንቁላሉን አንድ በአንድ መጨመር፤ ከዚያ ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ጨውን፤ በመጨረሻም ተምሩን ከነውሃው ጨምሮ ቀስ ብሎ ማዋሐድ ነው። ሊጡ ቀጠን ቢል አያስደንግጥ። ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይጋገር። ስቴኪኒ መሐሉ ላይ ተወግቶ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

ኬኩ ሲጋገር ስጎውን መሥራት ነው። ቅቤውንና ስኳሩን በዝግታ እሳት ላይ አቅልጦ፤ ክሬሙን ጨምሮ፤ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ማንተክተክ፤ ጨውንም ጣል ማድረግ። ኬኩ እንደ ወጣ በስቴኪኒ ብዙ ቦታ ተወግቶ የስጎው ሢሶ ይፈስስበትና ለአምስት ደቂቃ ወደ ምድጃው ይመለስ። የቀረው ስጎ በማዕድ ላይ ይፈስሳል።

ምክንያቱ

እኛ ተማሪዎች ነንና «እንዲህ አድርግ» መባል ብቻ አይበቃንም። በመጀመሪያው ሙከራችን ኬኩ መሐሉ ጎድጉዶ እንደ ገበቴ ሆኖ ወጣ፤ በሁለተኛው ስጎው እንደ አሸዋ ሻከረ። ስሕተታችን ምክንያቱን አስተማረን።

ሶዳው ሁለት ሥራ አለው። የተምሩን ጠንካራ ልጣጭ ያለሰልሳል፤ ደግሞም በቡናማው ስኳር ውስጥ ካለው የአገዳ ዝቃጭ ኮምጣጣነት ጋራ ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል። የእንጀራን ዓይን የሚከፍተውም ይኸው አየር ነው፤ ልዩነቱ እዚያ እርሾ በቀናት የሚሠራውን እዚህ ሶዳው በደቂቃ መሥራቱ ነው። ሶዳው ከበዛ ግን ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አየሩ በሙቀት ሲሰፋ ሊጡን ያነሣዋል። የተነሣው ሊጥ እንዲጸና ግን እንቁላሉና ዱቄቱ መብሰል አለባቸው። እኛ በ15ኛው ደቂቃ የምድጃውን በር ከፍተን አየነውና ብርዱ ገብቶ፤ ገና ያልጸናው ሊጥ ወደቀ። እንግዲህ 25 ደቂቃ ሳይሞላ በሩን አትክፈቱ።

ሊጡን አብዝቶ ማሸትም ክፉ ነው። ድፎ ዳቦ የሚወደደው ሊጡ ታሽቶ ሲጠነክር ነው፤ የዚህ ኬክ መልካምነት ግን በልስላሴው ነው። ዱቄቱ እንደ ጠፋ ማቆም ይገባል።

ስጎው የሻከረው ስኳሩ ፈጽሞ ሳይቀልጥ ስላፈላነው ነው። ያልቀለጡ ቅንጣቶች የቀለጠውን ስኳር ወደ ራሳቸው እየሳቡ እንደ ገና ያጠጥሩታል። ስጎው በትኩሱ መፍሰሱም ምክንያት አለው፤ ትኩስ ኬክ ቀዳዳው ክፍት ስለ ሆነ ይጠጣዋል፤ የቀዘቀዘ ኬክ ግን ጠንክሮ ስጎውን ከላይ ያስቀረዋል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚመለሱም አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ያነሰ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አየሩ እዚያ አብልጦ ስለሚሰፋ ኬኩ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን በሢሶ መቀነስ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ መጨመር፤ ምድጃውንም 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ይሻላል።

የጾሙ አሠራር

ያሰብነው ዋናው ነገር ይህ ነበር። በቅቤው ፈንታ 60 ሚሊሊትር ዘይት፤ በእንቁላሎቹ ፈንታ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፤ ዱቄቱም 200 ግራም ይሁን። ዘይቱን ከስኳሩ ጋራ መትቶ ሌላውን እንደ ላይኛው መቀጠል ነው፤ ኮምጣጤው ግን ከሁሉ በኋላ ይገባል፤ ሶዳውን እንዳገኘ አየሩን ስለሚያወጣ ሳይዘገይ ወደ ምድጃው መግባት አለበት። ስጎው ከ175 ግራም ቡናማ ስኳርና ከ250 ሚሊሊትር የኮኮናት ክሬም ይሠራል፤ ስድስት ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። እንቁላል ስለሌለው ጥቂት ይፈረፈራል፤ ጣዕሙ ግን አያሳፍርም።

ከጿሚዎቹ አንዱ «ለጣፋጭ እንዲህ የሚጓጓ ሆድ ምኑን ጾመ?» ብሎ ገሠጸን። እውነት አለው። እኛም ጾምን የጣዕም ሽሽግ አድርጉት ማለታችን አይደለም። የጎረቤትን ሳሕን መመለስና ከማዕድ ተለይቶ መቀመጥ ግን ሌላ ሐዘን ነውና፤ እያንዳንዱ ለኅሊናው እንደሚስማማው ያድርግ።

ባለፈው ዓመት በዲሴምበር 25 ቀን ሁለቱን ፑዲንጎች ሠርተን ወደ እማማ ቤት ሄድን። ጿሚዎቹ እስከ 9 ሰዓት ቆይተው የጾሙን በሉ። እማማ መጀመሪያ የራሳቸውን፤ ቀጥሎ የጾሙን ቀመሱ። ጥቂት ዝም ብለው «ጨው አንሶታል» አሉ። ከዚያ ሦስቱን ባዶ ሳሕኖች ተመለከቱና በእጃቸው እየጠረጉ «እንግዲህ ያን ጊዜ ፑዲንጌ መጥፎ አልነበረም ማለት ነው» አሉን። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን በልባቸው ይዘው ኖረው ነበር።

በጃንዩዌሪ 7፤ በእኛ ገና፤ እሳቸው በተራቸው እኛ ቤት መጥተው ዶሮ ወጥ በሉ። በርበሬው ስላቃጠላቸው ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ፤ ሳሕናቸውን ግን ባዶ አድርገው መለሱ።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፤ በባዕድ አገር ስትጋበዙ የማትበሉትን ነገር አስቀድማችሁ በግልጥ ተናገሩ። ዝምታ ትሕትና ይመስለናል እንጂ ለጋባዡ ስድብ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም አሠራሩን ጠይቁ፤ ሰው የሚወደውን ምግብ ሲያስተምር ራሱንም ያስተዋውቃልና። ጨውን ደግሞ አትርሱ።