የልጅ ልጅ ፎቶና የሰው ምስጢር

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የግል ክሊኒኮች፣ የልጅ ልጁ ሲመዘን በስልኩ የማይቀርጽ አያት ዛሬ ብርቅ ነው። ደስ ይላል። ግን ከሕፃኑ ጀርባ ወረፋ የምትጠብቅ ሴት አለች፤ ለባሏ እንኳ ያልነገረችው ሕመም ይኖርባት ይሆናል። የእኛ ከተማ ደግሞ ሰውን በነጠላ አጣጣሉ ይለያል፤ ፒያሳ የተነሳ ፎቶ በቴሌግራም ቧንቧ ውሃ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

ነርስ ሆኜ ሳገለግል የበሽተኛን ስም ከክፍሉ ይዞ መውጣት ነውር ነበር። ፊቱስ?

«ባለቤቱን አስፈቅጃለሁ» የሚል አለ። ባለቤቱ የሚፈቅደው ስለ ቤቱ ነው እንጂ ስለ ተገልጋዩ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ራሱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ ይከለክላል፤ ልዩ ሁኔታዎቹ አንቀጽ 28 ላይ አሉ።

የሴቶች ፀጉር ቤት ይብሳል። ሙሽራዋ ስትቀረጽ ሂጃቧን አውልቃ የተቀመጠች እህት በመስታወቱ ትታያለች። «እህቶቼ፣ ላነሳ ነው» ብሎ፣ ገለል የምትለውን መጠበቅ ይገባል።

የመድኃኒታችሁን እሽግ ግን አንሱ፤ ስሙና መጠኑ ይነበብ። ፋርማሲ ሄዶ «ያችን ነጭ ክኒን» ከማለት ይሻላል።