በከሚሴ ባለ ብዙ ተከራይ ሕንፃ ያለው ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሕጎች

በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ከከሚሴ በስተ ደቡብ የካራ ቆሬን አገር ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ የአዲስ አበባና የደሴ አውራ ጎዳናም ተሰነጠቀ። ዛሬ በዚሁ ጎዳና ዳር ከታች ሱቅ፣ ከላይ የሚከራይ ክፍል ያላቸው ሕንፃዎች ስለሚሠሩ፣ ነገሩ የባለ ሀብቱን ኪስ ጭምር የሚነካ ሆኗል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 እንደሚያዝዘው፣ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። «አላወቅሁም» ማለት አያድንም። ከሕንፃው ወድቆ ሰው ለሚጎዳ ዕቃ ግን ኃላፊው በቤቱ የሚኖርበት ሰው ነውና፣ የሱቅ ሰሌዳ የሚሰቅል ተከራይም ምስማሩን ያጥብቅ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ፤ ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጠውን ከፍ ባለው በምድብ ሐ አኖረው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ አንድ ፎቅ የሚጨምር ሰው ክፍል ብቻ የጨመረ ይመስለዋል እንጂ፣ ምድቡንም ሊለውጥ፣ ሌላ የባለሙያ ንድፍና ቁጥጥር የሚያስፈልገው ሕንፃ ሊያደርገው ይችላል። መሠረቱና ዓምዱ ግን ያው የቀድሞው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚዘነጋው የአገልግሎት ለውጥ ነው። የመኖሪያ ክፍል ወለል ዘወትር በአንድ ካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ጭነት ታስቦ ይሠራል። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል እንግዲህ 32 ኩንታል ግድም ይችላል ማለት ነው። ተከራዩ ዋጋ እስኪወጣ ብሎ 100 ኩንታል ማሾ ቢደረድርበት፣ ወለሉ ከታሰበለት ከሦስት እጥፍ በላይ ይሸከማል፤ ከበታቹም ሰው ይተኛል። የመኖሪያውን ክፍል መጋዘን ለማድረግ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ መሐንዲስ ያስመርምር፤ ከከተማው አስተዳደርም ፈቃድ ይጠይቅ። አከራዩም በውሉ ውስጥ ክፍሉ ለምን ሥራ እንደሚውል በግልጽ ቢያስጽፍ ይበጀዋል።

ስለ ውሉ ጉዳይ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ የከሚሴ አከራይ ይህን ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ። አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያውን ብቻ ነው፤ የታችኛው ሱቅ በፍትሐ ብሔሩ ሕግና በተዋዋዮቹ ስምምነት ይገዛል። ስለዚህ ሱቁንና ከላዩ ያለውን መኖሪያ ለአንድ ሰው የሚያከራይ ባለቤት ሁለት የተለያየ ውል ቢጽፍ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ የትኛው ኪራይ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ አያከራክረውም።