የጠራቢው እጅና የተከለለው ተራራ

እጅ ጥበብን ሲማር ለባለቤቱ እንጀራ ይሆነዋል፤ ጥበቡን ለወገኑ ሲያውለው ደግሞ ለባለቤቱ ክብር፥ ለአገሩም ጥቅም ይሆናል። ዛሬ ለቤተ ሰብ ዓምዳችን የመረጥነው ነገር የእንጨት ጠራቢ ሙያ ነው። ይህ ነገር ዛፍ በበዛበት አገር ቢነገር ማንንም አያስደንቅም፤ እኛ ግን የምንናገረው አሮጌ ዛፍ እንደ ብርቅ ስለሚታይበት ስለ ዋግ ኽምራ ደጋ፥ ስለ ሰቆጣና ስለ ዙሪያዋ ነው። ስለዚህም አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም መጥረቢያና መሮ የያዘ ሰው ለተከለለ ደን ጠባቂ ሊሆን ይችላልን? የሚል ነው። እኛ ይችላል እንላለን፤ ምክንያቱንም ከዚህ ቀጥለን እንገልጣለን።

በኦሪት ዘፀአት እንደ ተጻፈው ለባስልኤልና ለኤልያብ ጥበብ የተሰጣቸው የገዛ ቤታቸውን እንዲያስጌጡበት አልነበረም፤ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆነውን ድንኳን እንዲሠሩበት ነበር እንጂ። ታቦቱም የተሠራው ከግራር እንጨት ነው፤ ግራር ደግሞ በዋግ ቆላ የሚበቅል፥ እረኛ ሁሉ የሚያውቀው ዛፍ ነው። ያው ኦሪት በዘዳግም፥ ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ባለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ እንዳያነሣ ይከለክላል። እንግዲህ መቅረጽን የሚያዝዘውና ያለ ልክ መቍረጥን የሚከለክለው አንድ ሕግ ነው።

ይህም በአገራችን በሥራ ተገልጦ ይታያል። ከሰቆጣ በስተ ደቡብ፥ በላስታ ምድር፥ በዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ ከቅዱስ ላሊበላ አስቀድሞ በነገሠው በዛጔው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራ ነው። ግድግዳው በተራ በተራ ከተነባበረ እንጨትና በኖራ ከተለሰነ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ የውስጥ ጣራውም በተጠረበና በቀለም ባጌጠ እንጨት የተዋበ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሲቆይ ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ጠብቆታል፤ በዙሪያው ያለው የጥድ ደንም በቤተ ክርስቲያኑ ክብር ተጠብቆ ለዛሬ ደርሷል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ ይሏል፤ ያ ግንድ አንድ ጊዜ ተቈርጦ ስምንት መቶ ዓመት አገለገለ፤ በምድጃ ቢነድ ኖሮ ግን ከአንድ ሌሊት ባላለፈ ነበር።

በትግራይ ያለው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም ጣራው ላይ አንበሳ፥ ዝሆንና ሌላም አውሬ የተቀረጸበት ጥንታዊ የእንጨት ሰሌዳ አለው። ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1948 ታድሷል። በዚያ አምባ ዙሪያ ዛሬ ዝሆን አይታይም፤ የጠራቢው እጅ ግን መልኩን አኑሮልናል። እንግዲህ ጠራቢ ማለት እንጨት የሚያቀና ብቻ ሳይሆን የፍጥረትን መታሰቢያ የሚያቆም ሰው ነው።

የዋግ ሕዝብም ለመጥረብ ሥራ እንግዳ አይደለም። በሰቆጣ አቅራቢያ ያለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ መሆኑ ምስክር ነው። ነገር ግን ምድሩ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእርሻ፥ በግጦሽና በማገዶ ተራቍቷል፤ ድርቅም ደጋግሞ ጐድቶታል፤ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያደረሰውን ጥፋት የማያውቅ የለም። አሮጌ ወይራና ጥድ በብዛት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ ሕዝቡ ከብት እንዳይገባበት፥ መጥረቢያም እንዳያርፍበት እየከለለ እንደ ገና የሚያለብሰው ተራራ አለ። በላስታም ከ4200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፥ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ስፍራ ነው።

ከተከዜ ማዶ ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ታሪክ ደግሞ ትምህርት ይሰጣል። ዋልያ የሚኖርበት ይህ ስፍራ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጠረ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከዚህ የምንረዳው መከለል ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የተከለለውን ስፍራ በዙሪያው ያለው ሰው የእኔ ነው ካላለው በቀር ዐዋጁም ዘበኛውም ብቻቸውን አያድኑትም።

ጠራቢው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰው በገዛ እጁ የሠራውን አያፈርስም። በአሜሪካ አገር ከ1933 እስከ 1942 ድረስ፥ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ፥ ሥራ ያጡ ሦስት ሚሊዮን ያህል ጐልማሶች በደንና በፓርክ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ዛፍ ተከሉ፥ መንገድ ጠረጉ፥ ማረፊያ ቤትና መቀመጫም ሠሩ። በወር ከሚከፈላቸው 30 ዶላር ውስጥ 25ቱ ያህል ለቤተ ሰባቸው ይላክ ነበር። በዚያው ዘመን በሁድ ተራራ ላይ ቲምበርላይን የሚባል የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ በ1937 ተመረቀ፤ የደረጃው ምሰሶዎችም አገልግሎታቸውን ከጨረሱ የሽቦ ተሸካሚ እንጨቶች ተወስደው በአራዊት መልክ ተቀረጹ። እነሆ፥ ለጌጡ ሲባል አዲስ ዛፍ አልተቈረጠም፤ የተጣለው ግንድ ከበረ እንጂ።

የሰቆጣ ጠራቢም በየወሩ አንድ ቀን ለተከለለው ተራራ ቢሰጥ ብዙ ነገር ሊሠራ ይችላል። በመግቢያው ላይ የሚቆመውን የማስታወቂያ ሰሌዳ በአማርኛና በኽምጣና ይቅረጽ፤ ፊደሉ በመሮ ጠለቅ ብሎ ከተቈፈረ ዝናብ እንደ ቀለም አያጥበውም። ማንበብ ለማይችለው እረኛም ከፊደሉ አጠገብ የጭላዳውን ወይም የወይራውን መልክ ይቅረጽለት። ለሽማግሌዎች መቀመጫ፥ ለበሩ መዝጊያ፥ ለንቦችም ቀፎ ይሥራ፤ ተራራው ሲለመልም አበባው ለንብ፥ ማሩ ለባለቤቱ ይሆናልና።

እንጨቱን ግን ይምረጥ። ወይራና ጥድ በዝግታ የሚያድጉ ስለሆኑ በነፋስ የወደቀውን ወይም ከፈረሰ ቤት የተረፈውን እንጂ የቆመውን አይንካ። ለሌላው ሥራ ሰው ተክሎ ያሳደገው ባሕር ዛፍ ይበቃል፤ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ። 

ለሹማምንትም አንድ ቃል አለን። ደቦ ደቦ የሚባለው በፈቃድ ሲሆን ነው። ጠራቢ የዕለት እንጀራውን በእጁ የሚያገኝ ሰው ስለሆነ፥ ስጦታ በሚል ስም አስገድዶ ማሠራት አገልግሎት ሳይሆን በደል ይባላል። ቀኑን እርሱ ይምረጥ፤ ምሳውን ሕዝቡ ያቅርብለት፤ ከአንድ ቀን ያለፈ ሥራ ሲሆንም ዋጋው ይከፈለው። የጠራቢው ስምም በሥራው ጀርባ ይቀረጽ።

ወላጆችም ልጃቸው መሮ ቢይዝ አይፈሩ። በአገራችን ባለ እጅን የመናቅ ክፉ ልማድ ስለ ነበረ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጅ ግን አንደበትን ይገታል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ልብ የሚለወጠው በቤት ውስጥ፥ በአባትና በእናት ንግግር ነው። ልጁ የቀረጸው ሰሌዳ በተራራው በር ቆሞ ሽማግሌው ሲያነብበው፥ እረኛውም ከብቱን ሲመልስበት ያየ አባት በልጁ ሙያ አያፍርም። ተራራውም በልጁ ሥራ የተነሣ አንድ ጠባቂ ቤተ ሰብ ይጨመርለታል፤ ቤተ ሰቡ በበዛ መጠንም ጥላው፥ ምንጩና ማሩ ለሚመጣው ትውልድ ይተርፋል።