ሳታነቡ አትፈርሙ

ቂሊንጦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ይገኛል። እዚያ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ።

ከእርሻ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሰው ሁለት አዲስ ነገር ያጋጥመዋል፤ ሰዓትና አለቃ። ገበሬ ፀሐይን አይቶ ይገባል። በፋብሪካ ግን ሰዓት ይቆጠራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከዚያ በላይ ለተሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። የሰዓት ደመወዙ 20 ብር የሆነ ሠራተኛ ለ2 ትርፍ ሰዓት 60 ብር ያገኛል።

ስለዚህ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፉ። የደመወዝ ወረቀት ሲመጣ አንብቡ፤ ደምሩ፤ ከዚያ ፈርሙ። ቢጎድል አትጩኹ። ደብተሩን ይዛችሁ፣ «አለቃ፣ የማክሰኞው 2 ሰዓት አልተያዘልኝም» በሉ። ካልሰማ፣ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ ንገሩ።

መብቱን የሚጠይቅ ግዴታውንም ይወጣ። በሰዓቱ ይግባ፤ የሥራ ዕቃውን ይጠብቅ።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።