የቤት ውሻ ጤና አጠባበቅ፦ ከቡችላነት እስከ እርጅና

መግቢያ

ውሻ በገበሬው ቤት ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ነው። ሌሊት በረቱን ከጅብ፣ ማሳውን ከጃርት፣ ቀን ደግሞ እሸቱን ከጦጣ ይጠብቃል። ይሁን እንጂ በሬ ሲታመም ሐኪም ፍለጋ የሚሮጠው ሰው ስለ ውሻው ጤና እምብዛም አያስብም። የዚህ ቸልተኝነት ጉዳት በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ መንጋውና ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ሊያስረዱ የሚገባቸው ዋና ዋና ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

1. ቡችላ

ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ቢቻል 8 ሳምንት ሲሞላው ነው። የሆድ ትል ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ስለሚተላለፍበት ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ በየ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ቢሰጠው ይመረጣል። ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ የከሳ ቡችላ ብዙውን ጊዜ ትል ያለበት ነው። በልጅነቱ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ካደገ በኋላ 2 ጊዜ ይመገባል።

2. አመጋገብ

በብዙ ቤት የውሻ ቀለብ ወጥ የነካው የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርሱ የወጥ ትራፊ ማዘውተር ጎጂ ነው። ያልተቀመመ ገንፎ ወይም የተቀቀለ እህል ከጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ጋር ይሻላል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥም። ንጹሕ ውኃ ዘወትር አይለየው።

3. አዙሪትና የውሻ ኮሶ

በግ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ ሲሽከረከር አዙሪት ያዘው ይባላል። መንሥኤው በአንጎሉ ውስጥ ያደገ፣ የውሻ ኮሶ እጭ የያዘ የውኃ ቋጠሮ ነው። ባለቤቱ በጉ ሳይሞት አርዶ ጭንቅላቱን ለውሻው ይጥላል። ውሻው አንጎሉን ሲበላ እጩ በአንጀቱ ውስጥ ኮሶ ይሆናል፤ እንቁላሉም ከሰገራው ጋር ወጥቶ በግጦሽ ላይ ይበተናል፤ ሌሎች በጎች ከሣሩ ጋር ይበሉታል። ስለዚህ ገበሬው በአንድ በግ ጭንቅላት የከርሞውን በሽታ ይዘራል። በጉበትና በሳንባ ላይ የሚገኘው የውኃ ቋጠሮም በተመሳሳይ መንገድ ይተላለፋል፤ ይህኛው ሰውንም ይይዛል።

መከላከያው የሚከተለው ነው፦

ሀ) ቋጠሮ ያለበት ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ሊቆፍረው በማይችል ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

ለ) ለውሻ የሚሰጥ ሆድ ዕቃ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቀቀል።

ሐ) በግ በሚረባበት ቤት ውሻው ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ፕራዚኳንቴል ይሰጠው። መጠኑ ለ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን ስለማይገድል ውሻው ለ2 ቀን ታስሮ ሰገራው ይቀበር።

4. የእብድ ውሻ በሽታ

ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በክትባት ግን ይከላከሉታል። ውሻ 3 ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተባል። ከአንድ ቀበሌ 10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ በየዓመቱ ከተከተቡ የበሽታው መዛመት ይገታል።

ያበደ ውሻ ሁሉ አይናከስም፤ አንዳንዱ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። አጥንት ያነቀው መስሎ ስለሚታይ አፉ ውስጥ እጅ መክተት ክፉ አደጋ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ከዚህ ሊያዘገየው አይገባም። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ ታስሮ በእንስሳት ሐኪም ክትትል 10 ቀን ይጠበቅ፤ የሰውየው ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅም።

5. ቁንጫ፣ መዥገርና መርዝ

ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይ በውሻ ገላ ላይ ማፍሰስ ውሻውንም፣ የሚዳስሱትን ሕፃናትም ይመርዛል። ለከብት የተዘጋጀ መርፌም በግምት አይወጋም። የአይጥ መርዝ ውሻ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በመርዝ የሞተች አይጥም ትቀበር።

6. እርባታና እርጅና

ሴት ውሻ ከተጠቃች በኋላ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች። አሳዳጊ የሌላቸው ቡችሎች መንገድ ላይ ተጥለው ያልተከተቡ ባዘኖች ስለሚሆኑ፣ መውለድ የማይፈለግባትን ውሻ በሐኪም ማምከን ይሻላል። ትንንሽ ውሾች ከትልልቆቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ያረጀ ውሻ ጥርሱ ሲወልቅና ዓይኑ ሞራ ሲጋርደው ለስላሳ ምግብና ሙቅ መኝታ ይፈልጋል። ዘመኑን ሁሉ ደጅ የጠበቀን እንስሳ በእርጅናው ለጅብ መጣል አይገባም።

ማጠቃለያ

እያንዳንዱ ማኅበር የአባሎቹን ውሾች ቢመዘግብ፣ ከእንስሳት ክሊኒኩ ጋር በዓመት አንድ የክትባት ቀን ቢወስንና በእርድ ቦታው አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቢያስቆፍር ከላይ የተጠቀሰው አብዛኛው ጉዳት ይቀራል። ወጪው ከአንድ በግ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ለአባላት ይገለጽ።